«ስቶፕ»፣ «ፍሬቻ» እና «የማቆሚያ መብራት»፤ ስለ መኪና የኋላ መብራቶች ስያሜና አተረጓጐም

ስለ ሙያ ቃላት የሚደረገው ውይይት አብዛኛውን ጊዜ የሚያተኩረው በሳይንስ፣ በሕክምናና በሕግ ቃላት ላይ ነው። እነዚህ መስኮች የተማሩ ባለቤቶች ስላሏቸው ለቃሎቻቸው ተከራካሪ አያጡም። በመንገድ ዳር ጋራዥ ውስጥ የሚነገሩት ቃላት ግን፣ ምንም እንኳ በየቀኑ እጅግ ብዙ ሰው የሚጠራቸው ቢሆኑም፣ ወደ መዝገበ ቃላት የሚገቡት ዘግይተው ነው። ከመግባታቸውም በፊት ብዙውን ጊዜ አንድ ተርጓሚ በቢሮው ተቀምጦ፣ ሙያተኛውን ሳይጠይቅ፣ ሌላ ቃል ይፈጥርላቸዋል። ከዚያ በኋላ አንዱ ነገር ሁለት ስም ይኖረዋል፤ አንዱ የሚነገር፣ ሌላው የሚጻፍ።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከነዚህ ቃላት መካከል አንድ ትንሽ ክፍል፣ ይኸውም የመኪና የኋላ መብራቶችን ስያሜ፣ መመርመር ነው። ጉዳዩ ለአንባቢ ቀላል ይመስለው ይሆናል። ነገር ግን እነዚህ መብራቶች ለሾፌሩ የሚያገለግሉ አይደሉም። ሾፌሩ ተቀምጦ ሊያያቸው አይችልም። የሚያገለግሉት ከኋላው ለሚመጣው ለማያውቀው ሰው ነው። ስለዚህ ስማቸው ሲምታታ የሚጎዳው ስሙን ያምታታው ሰው ላይሆን ይችላል።

ምሳሌዎቹን በአብዛኛው የወሰድሁት ከአጣዬ ነው። አጣዬ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ 270 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ ኤፌሶን በሚል ስምም የምትታወቅ የኤፍራታና ግድም ወረዳ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ የተነሣ መኪና ወደ እርሷ ለመድረስ ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር የሚበልጠውን የጣርማ በርን ከፍታ መውጣት፣ በጣልያን ወረራ ዘመን የተቈፈረውን ዋሻ ማለፍ፣ ወደ ደብረ ሲና በጠመዝማዛው መንገድ መውረድ፣ ከዚያም 1300 ሜትር ያህል ከፍታ ወዳለው ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ መግባት አለበት። በዚህ ቁልቁለት ላይ ሾፌር ፍሬን ደጋግሞ ይይዛል። ጉም በወረደ ጊዜ ከኋላ ያለው ሾፌር መኪናውን አያይም፤ የሚያየው ሁለት ቀይ ነጥቦችን ነው። ነጥቦቹ በደበዘዘ ብርሃን ሲታዩ «እዚህ አለሁ» ይላሉ፤ ቦግ ሲሉ ደግሞ «እየቆምሁ ነው» ይላሉ። በነዚህ በሁለቱ መልእክቶች መካከል ያለው ልዩነት የጥቂት ዋት ልዩነት ነው፤ ጽሑፌም የሚዞረው በዚሁ ላይ ነው።

ስለ አካባቢው ሌላም መነገር ያለበት ነገር አለ። በይፋት ቆላ አማርኛ ተናጋሪው፣ ኦሮምኛ ተናጋሪውና አርጎባው ጎን ለጎን ይኖራሉ። ወደ ሰንበቴ የእሑድ ገበያ የሚወጣው ሕዝብ አፋሩንም ይጨምራል። በጋራዥ ደጃፍ የሚቆመው ሾፌርና ረዳት ከነዚህ ሁሉ የመጣ ነው። የሚግባቡትም በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ቢሆን የዕቃው ስም ላይ ሲደርሱ ሁሉም አንድ ቃል ይጠቀማሉ። ፍሬቻ ለሁሉም ፍሬቻ ነው፤ ታርጋም ለሁሉም ታርጋ ነው። ይህን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልግባ። በአጣዬ ከአውራ ጎዳናው ዳር ካለ አንድ አነስተኛ ጋራዥ ተቀምጬ በነበረበት ጊዜ፣ አንድ የጭነት መኪና የግራ የኋላ መብራቱ በሌላ መኪና ተገጭቶ ተሰብሮበት ገባ። ባለሙያው አዲስ መብራት ከነሙሉ ዕቃው አስመጥቶ ለተማሪው እንዲገጥም ሰጠው። ከመብራቱ ጋር በአማርኛ የተተረጐመ ወረቀት ታሽጎ ነበር። ተማሪው አሥረኛ ክፍል የጨረሰ፣ ማንበብ የሚወድ ልጅ ስለ ሆነ ወረቀቱን ዘርግቶ እያነበበ ገጠመ። ወደ መጨረሻው ሲደርስ ወረቀቱ «የማቆሚያ መብራቱን አብርተው በሁለቱም ወገን መብራቱን ያረጋግጡ» ይል ነበር። ልጁ የመኪናውን ረዳት «ፍሬኑን ያዝልኝ» አለው። ረዳቱ ረገጠ፤ በግራም በቀኝም ቀዩ መብራት ቦግ አለ።

«ጋሼ፣ ሁለቱም ይበራል፤ አልቋል» አለ ልጁ።

ባለሙያው መልስ አልሰጠውም። ወረቀት የማንበብ ልማድ የለውም፤ መብራት በነካ ቁጥር ማብሪያዎቹን ሁሉ አንድ በአንድ የማዞር ልማድ ግን አለው። ወደ ጋቢናው ወጥቶ ትንሹን መብራት አበራ። ቀኙ በራ፤ ግራው ጨለማ ሆነ። ፍሬኑን ሲይዝ ግን ግራውም ቦግ ይላል። እንግዲህ መኪናው በዚያው ማታ ወደ ደሴ ሊጓዝ የተነሣ ነበር። በጨለማ ከኋላው የሚመጣ ሰው በቀኝ በኩል አንድ ቀይ ነጥብ ብቻ ያይና ሞተር ብስክሌት ነው ብሎ በግራ ሊያልፍ ይችል ነበር።

ወረቀቱን ተቀብዬ ገለበጥሁት። ጀርባው ላይ የእንግሊዝኛው ጽሑፍ ነበር። ልጁ ያነበበው ዓረፍተ ነገር የሚናገረው ስለ ፓርኪንግ መብራት እንጂ ስለ ፍሬን መብራት አልነበረም። ሁለት መስመር ዝቅ ብሎ ስለ ፍሬን መብራት የሚናገር ሌላ ዓረፍተ ነገር ነበር፤ ተርጓሚው እርሱንም «የማቆሚያ መብራት» ብሎታል። ልጁ ሁለተኛውን ሲያነብ የተደገመ መስሎት አልፎታል። ጥፋቱ የልጁ አይደለም። አማርኛው ያለውን ነው የፈጸመው።

«ቆመ» የሚለው ግስ ሁለት ነገር ይሸከማል። የሚሄድ ነገር እንቅስቃሴውን ሲያቋርጥ ቆመ ይባላል፤ አንድ ነገር በአንድ ቦታ ላይ ሲኖርም ቆሟል ይባላል። ስለዚህ «ማቆም» በአንድ በኩል ፍሬን ይዞ መኪናን ማስቆም፣ በሌላ በኩል መኪናን አንድ ቦታ ትቶ መሄድ ይሆናል። «መኪና ማቆሚያ» ስንል ማንም ሰው ፍሬን አይመጣለትም፤ የሚመጣለት መኪና የሚተውበት ቦታ ነው። «የማቆሚያ መብራት» ስንል ግን ሁለቱም ይመጣሉ። እንግሊዝኛው ሁለት የተለያዩ ግሶች ስላሉት ይህ ችግር የለበትም፤ ችግሩ የተፈጠረው ሁለቱን ግሶች በአንዱ «ማቆም» በመተርጐማችን ነው። ሁለቱ መብራቶች በአብዛኛው መኪና ላይ በአንድ አምፖል ውስጥ የሚገኙ ባይሆኑ ኖሮ ጉዳቱ ትንሽ በሆነ ነበር። አሁን ግን ከሁሉ ይልቅ መለየት ያለባቸው ሁለቱ ነገሮች በአንድ ስም ተጠሩ።

አምፖሉን በእጁ ይዞ ላላየ አንባቢ ትንሽ ማብራሪያ ያስፈልጋል። ባለ ሁለት ክር አምፖል በብርጭቆው ውስጥ ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች አሉት። አንደኛው 5 ዋት፣ ሁለተኛው 21 ዋት ነው፤ በናሱ ግርጌ ላይም 21/5 ተብሎ ይጻፋል። የ5 ዋቱ መብራት ማታ ሲነዱ ያለማቋረጥ ይበራል፤ የ21 ዋቱ ፍሬን ሲያዝ ብቻ ይበራል። ግርጌው 15 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ሲሆን በግራና በቀኝ ሁለት ጉጦች አሉት። እነዚህ ጉጦች እኩል ከፍታ የላቸውም፤ አንዱ ከሌላው ከፍ ይላል። ይህ የተደረገው አምፖሉ በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲገባ፣ ትንሹ ክር ከትልቁ ክር መስመር ጋር እንዳይገናኝ ነው። ባለ አንድ ክር አምፖል ግን ጉጦቹ እኩል ናቸው። አሮጌ የአምፖል ቤት ሲላላ ወይም ሰው በጉልበት ሲያስገባው አምፖሉ ተገልብጦ ሊገባ ይችላል። ያን ጊዜ ትልቁ ክር ሁልጊዜ ይበራል፤ ሾፌሩ ፍሬን ሲይዝ የሚጨመረው 5 ዋት ብቻ ስለሚሆን ከኋላ ላለው ሰው ምንም የተለወጠ ነገር አይታየውም። መብራቱ ከሩቅ ሲያዩት ከሌላው ሁሉ የደመቀ፣ የተሟላ ይመስላል። ከጣርማ በር ቁልቁል ለሚወርድ መኪና ግን ከጠፋ መብራት የሚሻል አይደለም።

ከላይ «የአምፖል ቤት» ብያለሁ። ይህን ያልሁት አማርኛ «የቁልፍ ቤት» እንደሚለው ነው፤ አንድ ነገር የሚገባበትንና የሚቀመጥበትን ቤት ማለት በቋንቋችን የቆየ ልማድ ነው። «ሶኬት» የሚለው ቃል በቤት ግድግዳ ላይ ላለው መሰኪያ ስለ ተያዘ ለዚህ ባይደገም ይሻላል። «ጉጥ» ደግሞ ባለሙያው ራሱ የሰጠኝ ነው። ግርጌውን እርሱ «ቂጥ» ነው ያለው፤ የድስት ቂጥ፣ የጠርሙስ ቂጥ እንደሚባለው ሁሉ ትክክለኛ አማርኛ ነው። መዝገበ ቃላት አዘጋጆች እንዲህ ያለውን ቃል ሲያዩ ፊታቸውን ማዞራቸው ለምን እንደ ሆነ ይገባኛል፤ ቢሆንም ቃሉ መመዝገብ ይገባዋል።

የመብራቱን ስሞች ታሪክ ስንመረምር የጋራዥ አማርኛ በንብርብር የተሠራ መሆኑን እናያለን። ሾፌር፣ ጋራዥና አምፖል የፈረንሳይኛ መልክ አላቸው። ኮፋኖ፣ ፓራውልት፣ ቸርኬ፣ ካቻቢቴ፣ ብሎን፣ ታርጋና ፍሬቻ ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። ፊውዝ፣ ባትሪና ፓርኪንግ የእንግሊዝኛ ናቸው። ፍሬን የሚለው ቃል ለብቻው የሚያከራክር ነው። ብዙ ሰው ከጣልያንኛ የመጣ አድርጎ ይቈጥረዋል፤ ነገር ግን ከጣልያንኛ ቢመጣ ኖሮ እንደ ኮፋኖና እንደ ካምቢዮ መጨረሻው «ኖ» ሆኖ «ፍሬኖ» መባል በተገባው ነበር፤ ትግርኛ እንዲሁ ይለዋል። በአማርኛ ያ አናባቢ አለመኖሩ፣ ማርሽ የሚለውም ቃል ከጣልያንኛው «ማርቻ» ይልቅ ለፈረንሳይኛው አነጋገር መቅረቡ፣ ሁለቱ ቃላት ከጣልያን ወረራ በፊት በፈረንሳይኛ በኩል ገብተው ሊሆን እንደሚችል ያመለክታል። መኪና ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1900 ዓ.ም. እንደ ሆነና በዚያን ጊዜ የተማረው ሰው የውጭ ቋንቋ በአብዛኛው ፈረንሳይኛ እንደ ነበረ ስናስብ ይህ የማይሆን ግምት አይደለም።

ፍሬቻ በጣልያንኛ ፍላጻ ማለት ነው። ለመብራት ስም የሆነበት ምክንያት ዛሬ የምናየው ብልጭ ድርግም የሚለው መብራት አይደለም። ከ1920ዎቹ እስከ 1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ድረስ በአውሮፓ በተሠሩ ብዙ መኪናዎች ላይ ሾፌሩ ሊታጠፍ ሲል ከመኪናው ጎን አንዲት ትንሽ ክንድ በውስጧ መብራት ይዛ ትዘረጋ ነበር፤ እውነተኛ ፍላጻ ትመስል ነበር። ክንዲቱ ቀረች፤ ስሟ ግን ለብልጭልጩ መብራት ተላለፈ። አማርኛ ቃሉን ሲዋስ ፍላጻነቱን አልተዋሰም። ለአጣዬ ረዳት ፍሬቻ ማለት «ልታጠፍ ነው» የሚል መብራት ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት ከጣልያንኛው ይልቅ የአማርኛው ፍሬቻ የበለጠ የሙያ ቃል ነው ማለት ይቻላል፤ ሌላ ትርጉም ስለሌለው አያሳስትም። በአንዳንድ ትርጉሞች ውስጥ ፍሬቻን ለማስቀረት «አቅጣጫ አመልካች መብራት» ተብሎ ሲጻፍ አያለሁ። ቃሉ ስሕተት የለበትም፤ በሕግና በደንብ ጽሑፍ ውስጥም ቦታ ይኖረዋል። ለጥገና መምሪያ ግን ሦስት ቃል የሚፈጀውን የሚያውቅ የለም፤ አንድ ቃል የሆነውን የማያውቅ የለም።

ስቶፕ የሚለው ከሁሉ ይበልጥ ይገርማል። ቃሉ እንግሊዝኛ መሆኑ ግልጽ ነው፤ ነገር ግን ጣልያኖችም የፍሬን መብራትን በዚሁ በእንግሊዝኛው ቃል ስለሚጠሩት ወደ እኛ የመጣው በየትኛው በር እንደ ሆነ መወሰን ያስቸግራል። በአጣዬም ሆነ በአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ መለዋወጫ በሚሸጥበት ቦታ የሰማሁት ቃሉ ሁለት ነገር ሲጠራ ነው። አንዱ ፍሬን ሲያዝ የሚበራው መብራት ሲሆን፣ ሌላው ከነቀይ ክዳኑ፣ ከነፍሬቻውና ከነአምፖል ቤቶቹ ያለው ሙሉ ዕቃ ነው። «ስቶፑ አይሠራም» የሚል ሾፌር አምፖል ወይም ፊውዝ ይፈልጋል፤ «ስቶፕ አምጣልኝ» የሚል ሰው ግን ሙሉውን ዕቃ ይፈልጋል። በአፍ ሲነገር ዕቃው ፊት ለፊት ስላለ ማንም አይሳሳትም። በጽሑፍ ግን ዕቃው ፊት ለፊት የለም። እንግዲህ የጋራዡ ቃል ሁሉ እንደ ወረደ ይወሰድ ማለት አይቻልም፤ አንዳንዱን አዘጋጁ መለየት አለበት።

በሙያ ቃላት ሥራ የተለመደው መመሪያ መጀመሪያ አማርኛን፣ ቀጥሎ ግእዝንና ሌሎች የአገር ቋንቋዎችን መፈለግ፣ ከዚያ ካልተገኘ ወደ ውጭ ቃል መሄድ ነው። በመመሪያው አልጣላም። የምጠይቀው «አማርኛ» የሚባለው ከየት እንደሚጀምር ነው። በይፋት ገበያ አራት ቋንቋ የሚናገር ሕዝብ የሚግባባበት ፍሬቻ ከግእዝ ተፈልጎ ከሚመጣ ቃል ይልቅ አማርኛ አይደለምን? የውጭ ቃል ስንል አፍ ውስጥ ያልገባውን ማለታችን ቢሆን ብዙ ክርክር በቀረ ነበር።

ስለዚህ ከሥር ከመሠረቱ አዲስ ስም መፍጠር አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ሦስት ቦታ መጠገን ነው። መጀመሪያ፣ ፍሬን ሲያዝ ለሚበራው «የፍሬን መብራት» ይበቃል። ፍሬን የሚለውን ሁሉም ያውቀዋል፤ ከማቆሚያም ጋር አይጋጭም። ሁለተኛ፣ ለሙሉው ዕቃ «የኋላ መብራት» ወይም፣ መለየት ሲያስፈልግ፣ «ሙሉ የኋላ መብራት» ማለት ይሻላል። አንድ ጊዜ «የጅራት መብራት» ተብሎ ተጽፎ አይቻለሁ፤ የእንግሊዝኛውን ቃል ለቃል የተከተለ ነው። አማርኛ ለመኪና አፍንጫና እግር ሰጥቶታል፤ የፊት እግር፣ የኋላ እግር እንላለን። ጅራት ግን አልሰጠውም፤ እኛ ልንጨምርለት አይገባም።

ሦስተኛው ያስቸግራል። የ5 ዋቱን መብራት ምን እንበለው? በአፍ ፓርኪንግ ይባላል። ይህ ቃል የተለመደ ቢሆንም አሳሳች ነው፤ መብራቱ የሚያስፈልገው ለቆመ መኪና ብቻ ሳይሆን ማታ ለሚሄድም ነውና። በተባበሩት መንግሥታት የአውሮፓ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሥር የወጣው የተሽከርካሪ መብራት ደንብ ቁጥር 48 እንኳ የመኪናን መኖር የሚያሳየውን መብራት ከፓርኪንግ መብራት ለይቶ ነው የሚተረጕመው። ፈረንሳይኛና ጣልያንኛ የቦታ መብራት ይሉታል፤ በአማርኛ ግን «የቦታ መብራት» ሲባል የሚያስበው ሰው የጓሮ መብራት ነው። «ደብዛዛ መብራት» እንዳይባል ደብዛዛ ጉድለትን ያመለክታል። በበኩሌ የማቀርበው «የመታያ መብራት» የሚለውን ነው። የፊት መብራት ሾፌሩ የሚያይበት ማያ ነው፤ ይህኛው መኪናው የሚታይበት መታያ ነው። ቃሉ ከ«ታየ» በታወቀው የአማርኛ ስልት የተገኘ ስለ ሆነ ማብራሪያ አይሻም ብዬ አስቤ ነበር። ለባለሙያው ስነግረው ግን ጥቂት ዝም ብሎ፣ «መምህር፣ ፓርኪንግ ቢሉት ምን አለበት?» አለኝ። ስለዚህ በመዝገብ ሲገባ «የመታያ መብራት (በአፍ፦ ፓርኪንግ)» ተብሎ ሁለቱም አብረው ቢሰፍሩ ይሻላል፤ የትኛው እንደሚኖር ጊዜ ይወስነው።

የአንድ ስያሜ ጤንነት የሚታወቀው በዓረፍተ ነገር ውስጥ ሲሠራ ነው። ስለዚህ የአምፖል መለወጥን ሥራ ከላይ በቀረቡት ቃላት ብቻ እጽፈዋለሁ፦

«ከሁሉ በፊት መብራቶቹን ሁሉ ያጥፉ፤ ሞተሩንም ያጥፉ። አምፖሉ ሲበራ ቆይቶ ከሆነ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ። ቀዩን ክዳን የያዙትን ብሎኖች በካቻቢቴ ይፍቱ፤ በአንዳንድ መኪና ላይ ክዳኑ ሳይነካ የአምፖሉ ቤት ከኋላ በኩል ተጠምዝዞ ይወጣል። አምፖሉን ወደ ውስጥ ገፋ አድርገው ወደ ግራ ያዙሩትና ያውጡት። አዲሱን አምፖል ከአሮጌው ጋር ያስተያዩ፤ ቮልቱ፣ ዋቱና የጉጦቹ ከፍታ አንድ መሆን አለበት። አነስተኛ መኪና 12 ቮልት፣ ከባድ የጭነት መኪና 24 ቮልት ነው። የአምፖሉን ቤት ይመልከቱ፤ አረንጓዴ ዝገት ካለበት ባትሪውን ነቅለው በብርጭቆ ወረቀት ያጽዱት። አምፖሉን በጉጦቹ አቅጣጫ አስገብተው ገፋ በማድረግ ወደ ቀኝ ያዙሩት፤ ካልገባ አያስገድዱት፣ ገልብጠው ይሞክሩ። የክዳኑ ላስቲክ ከተሰነጠቀ ይለውጡት፤ ውሃ የሚገባው በእርሱ በኩል ነው። በመጨረሻ አንድ ሰው ከኋላ ቆሞ እያየ የመታያ መብራቱን፣ የፍሬን መብራቱን፣ ፍሬቻዎቹን፣ የኋላ ማርሽ መብራቱንና የታርጋውን መብራት አንድ በአንድ ያብሩ፤ ቀጥለውም የመታያ መብራቱ እንደ በራ ፍሬኑን ይያዙ፤ ብርሃኑ በግልጽ መድመቅ አለበት።»

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «የኋላ ማርሽ መብራት» የሚለው ሐረግ ከ«የኋላ መብራት» ጋር በአንዲት ቃል ብቻ ይለያል። ተርጓሚ ለማሳጠር ሲል ማርሽን ቢያስቀር ነጩ መብራት ከቀዩ ጋር ይደባለቃል። «የኋሊት መብራት» የሚለውንም አልደግፍም፤ ከሁለት ሜትር ርቀት በጆሮ አይለይም። ክዳኑን ብዙ ሰው «መስታወት» ይለዋል፤ ዛሬ ከፕላስቲክ የሚሠራ ስለ ሆነ ክዳን ማለት ይሻላል። ስለ ቀሩት ክፍሎች የምለው የለኝም።

እስከ አሁን የተነጋገርነው ስለ ስሞች ነው። በጋራዥ ውስጥ ጆሮዬን የሳበው ግን ግሱ ነበር። የዕቃው ስም ሁሉ ከባሕር ማዶ ሲመጣ፣ ዕቃው ሲበላሽ የሚያሳየውን ጠባይ የሚገልጸው ቃል ሁሉ ከቤት የተገኘ ነው። ፍሬቻ ብልጭ ድርግም ይላል። የፍሬን መብራት ቦግ ይላል። ሽቦው የላላ መብራት ቦግ እልም ይላል። 24 ቮልት አምፖል በ12 ቮልት መኪና ላይ ሲገጠም ጭል ጭል ይላል። እነዚህ ለማስጌጥ የተባሉ አይደሉም፤ ባለሙያው በሽታውን የሚለይባቸው ናቸው። «ድርግም ብሎ ቀረ» ሲባል ፊውዝ ወይም አምፖል ይፈለጋል፤ «ቦግ እልም ይላል» ሲባል የላላ ነገር ይፈለጋል፤ አንዱ ፍሬቻ ከሌላው ይልቅ «ቶሎ ቶሎ ብልጭ ይላል» ሲባል በዚያ ወገን አንዱ አምፖል ሞቷል ማለት ነው። ተርጓሚዎቻችን እነዚህን «መደበኛ ያልሆነ የብርሃን መዋዠቅ» በሚል ሐረግ ሲተኩ ጽሑፉ የተማረ ይመስላል፤ የበሽታውን ዐይነት ግን ከእንግዲህ አይናገርም።  በሙያ መዝገብ ውስጥ እያንዳንዳቸው ከነምክንያታቸው ሊገቡ ይገባቸዋል።

ከግሶቹ መካከል «ተቃጠለ» ጥንቃቄ ይጠይቃል። ኩራዝና ፋኖስ ሲቃጠሉ ያበራሉ፤ አምፖል ግን ተቃጠለ ሲባል ጨለመ ማለት ነው። ያው ግስ በሁለት ትውልድ መካከል ወደ ተቃራኒው ዞሯል። አንድ መምሪያ «መብራቱ ሲቃጠል» ቢል ሽማግሌው መብራቱ ሲበራ፣ ልጁ መብራቱ ሲሞት ብሎ ይረዳዋል። «ክሩ ተበጠሰ» ማለት ከዚህ ሁሉ ያድናል፤ ክር የሌላቸው አዲሶቹ ኤልኢዲ መብራቶች ግን ለዚህም አይመቹም፤ ለእነርሱ «አይሠራም» ብሎ ማለፍ ይበቃል።

አንድ ሌላ የትርጉም ወጥመድ ሳልጠቅስ አላልፍም። የመብራት ሽቦ አንዱ ጫፍ በመኪናው ብረት አካል ላይ ይታሰራል፤ የኤሌክትሪኩ መመለሻ መንገድ እርሱ ነው። እንግሊዝኛው ይህን «መሬት» በሚል ቃል ይጠራዋል፤ ተርጓሚውም «ሽቦውን ከመሬት ጋር ያገናኙ» ብሎ ይጽፋል። መኪናው ግን በጎማ ላይ ቆሟል፤ ከመሬት ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ጋራዡ «ቦዲ» ይላል፤ ሽቦው ቦዲው ላይ ይታሰራል። ቦዲ የውጭ ቃል ቢሆንም እውነቱን ይናገራል፤ መሬት አማርኛ ቢሆንም ሐሰቱን ይናገራል። ይህ ማሰሪያ ሲዝግ የሚታየው በሽታ ደግሞ የታወቀ ነው፤ ሾፌሩ ፍሬን ሲይዝ ፍሬቻው አብሮ ጭል ጭል ይላል፣ የመታያ መብራቱም ይፈዛል፤ ኤሌክትሪኩ መመለሻ ሲያጣ በሌላው አምፖል በኩል መንገድ ይፈልጋልና። ብዙ ሰው አምፖል እየለወጠ ገንዘቡን ይጨርሳል፤ መፍትሔው ግን አንዲት ብሎን ፈትቶ ዝገቱን መፋቅ ነው።

ከአጣዬ ከመነሣቴ በፊት ወደዚያው ጋራዥ ጎራ ብዬ ነበር። ወረቀቱ ከመሣሪያ ሳጥኑ በላይ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ልጁ የመጀመሪያውን «ማቆሚያ» በቀይ እስክሪብቶ ሰርዞ ከላዩ «ፓርኪንግ»፣ ሁለተኛውን ሰርዞ «ፍሬን» ብሎ ጽፎበታል። «መታያ» የሚለውን የጻፈው የለም። ከግርጌው ግን በራሱ አማርኛ አንድ መስመር ጨምሯል፦ «ፍሬን ሲያዝ ቦግ ካላለ እንዳይሄድ።»